መቀስ የቆረጠችው ክር

ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያውቅ የለም፤ ለምን እንደወጣላት ግን ሕፃን ልጅም ይናገራል። አንደኛ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፍታ ነው የኖረችው። ሁለተኛ፣ ከአንገቷ በጥቁር ማሰሪያ የተንጠለጠለች፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ መቀስ አለች፤ ስትተኛም አታወልቃትም። ሦስተኛው ምላሷ ነው፤ እሱን ባናነሳው ይሻላል።

መቀስ የማትችለው ነገር ቢኖር የተንጠለጠለ ክር ነው። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው ከኮቱ ጫፍ ክር ከታየበት አለቀለት። «ቁም እስቲ» ትለዋለች፤ ሰውየው ምን እንደተፈለገ ሳይገባው ቀጭ ታደርግና ክሩን መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። «ይሄን ለሰፋልህ ሰው ስጠውና እፈር በለው።» የሚያመሰግናት አለ፣ የሚሰድባት አለ፤ ለእሷ ሁለቱም አንድ ናቸው። ፊደል አልቆጠረችም። ግን የሰው ልብስ አይታ የሰፊውን ጠባይ ልንገራችሁ ባይ ናት።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ። እናትየው የምትናገረውን ያህል ልጅቷ ዝም ትላለች። አግብታ መንታ ወንዶች ወልዳለች። መንትዮቹ ዛሬ አድገው ኳስ ይራገጣሉ፤ የተኙበት ቤት፣ የእናታቸው ሆድ፣ ግን እነሱ ከወጡ ወዲህ አልተዘጋም። ከእምብርቷ በታች ያለው ቆዳ እንደተረፈ መጋረጃ ታጥፎ ወርዷል፤ ከእምብርቷ በላይ ደግሞ ስትቆም ሆዷ ወደ ፊት ይገፋል። ቀሚሷን የምትሰፋላት እናቷ ናትና መቀስ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ወገቡን በየጊዜው ለቀቅ እያደረገች ትሰፋላታለች እንጂ አንድም ቀን አላነሳችባትም። ያ ለሁሉ የሚደርስ ምላስ ለዚህ አይደርስም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ መጣችና ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሆዴን ልሠራው ነው።»

«ምን ትሠሪዋለሽ? ግድግዳ ነው?»

«በኦፕራሲዮን። የተረፈው ቆዳ ይቆረጣል፣ ጡንቻው ይሰፋል።»

መቀስ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። «ኦፕራሲዮን የታመመ ሰው ነው የሚሆነው። አንቺን ምን አመመሽ?»

«አውቶቡስ ላይ ወንበር ይለቁልኛል።»

«ታዲያ ተቀመጪያ! በዚህ ጉልበቴ ለእኔ የሚለቅ ጠፍቷል።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ትናንት አንዷ ተማሪዬ መጥታ ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጠፈች። ሌሎቹ ጸጥ ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ‹ቲቸር፣ ሕፃኑ ተኝቷል?› አለችኝ።»

ሳቅ እስከ መቀስ አፍ ድረስ መጥቶ ነበር። የልጇን ፊት አየችና መልሳ ዋጠችው።

«ምን አልሻት?»

«‹አዎ፣ እንዳትቀሰቅሱት› አልኳት። ምን ልበላት?»

ስፌት መኪናው ላይ ያለው ጨርቅ ለጊዜው ተረሳ። መቀስ ምግብ ቀንሺ አለች፤ ልጅቷ ቀንሻለሁ፣ ፊቴና ክንዴ ከሱ እንጂ ሆዴ እዚያው ነው አለች። ስፖርት ሥሪ አለች፤ ሠርቻለሁ፣ ያመጣልኝ የወገብ ሕመም ብቻ ነው አለች። ባልሽስ ምን አለ ብትላት፣ «አንቺን ካልደበረሽ እኔን አልደበረኝም፣ አንቺን ከደበረሽ ግን አደርስሻለሁ» ብሏል አለች። ባልየው የታክሲ ሹፌር ነው፤ ለማንኛውም ነገር መልሱ አደርስሻለሁ ነው።

መቀስ በመጨረሻ መነጽሯን ወለወለች። «እሺ። ግን ሐኪሙን እኔ ሳላየው አንቺ ላይ ስለት የሚያነሳ የለም።»

ሐኪሙን አየችው። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ጥፍሩ በደንብ የተከረከመ ሰውዬ ነው። ልጅቷን በጀርባዋ አስተኝቶ ራሷን ብቻ ቀና እንድታደርግ ነገራት። ቀና ስትል ከሆዷ መሐል ላይ ከላይ እስከ ታች እንደ ተገለበጠ ጀልባ የሾለ ነገር ተነሣ። ዶክተሩ ጣቶቹን እዚያ ላይ ቢያስቀምጥ ሰመጡ።

«ይኸውልዎት እማማ» አለ። «ሆድ ፊት ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጡንቻ አለ። መንታ ሲሸከሙ ተለያዩ፤ አልተመለሱም። የተለያየ ጡንቻ ደግሞ በስፖርት አይገጥምም። እኔ መሐሉን በክር አገናኛለሁ፤ ከዚያ የተረፈውን ቆዳ እቆርጣለሁ።»

«ትቀጥናለች?»

«ይሄ ክብደት መቀነሻ አይደለም። የሆዷ ቅርጽ ይስተካከላል እንጂ ሰውነቷ ያው ነው። ጠባሳም ይኖራታል፤ ከዳሌ እስከ ዳሌ፣ በውስጥ ሱሪ የሚደበቅ። እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ሌላ ልጅ መውለድ የምታስብ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይቅር፤ ከወለደች ሥራዬ ይፈርሳል።»

ልጅቷ «በቃኝ» አለች።

መቀስ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ቆይ እኔ ልንገርህ። ከወገብ እስከ ወገብ ትቀድዳለህ፤ የላዩን ጨርቅ ወደ ላይ ትገልጣለህ፤ ገበሩን መሐል ላይ ታጠባለህ፤ ከዚያ የላዩን ወደ ታች ስበህ ትርፉን ቆርጠህ ትገጥማለህ። እምብርቱን ምን ታደርገዋለህ?»

«እምብርቱ ካለበት አይነቃነቅም። ወደ ታች በተሳበው ቆዳ ላይ ቀዳዳ ከፍቼ በዚያ አወጣዋለሁ።»

«የቁልፍ ቀዳዳ በለኛ።»

ዶክተሩ ሳቀ። «ልክ ነዎት እማማ። ግን ቆዳ ጨርቅ አይደለም።»

መቀስ «ልክ ነዎት»ን ይዛ ወጣች፤ «ግን»ን እዚያው ክፍል ውስጥ ረሳችው። መንገድ ላይ ለሹፌሩ ሦስት ጊዜ ነገረችው። «ልክ ነዎት አለኝ። ሰማህ? የተማረ ሰው!» ሹፌሩ መሪውን ይዞ «ይገባዎታል» አለ፤ እሱ ከአማቱ ጋር ሲሆን ከዚህ የረዘመ ነገር አይናገርም።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ልጅቷ ቁርስ ሳትቀምስ ገባች። ዶክተሩ አቁሟት ሆዷ ላይ በቀለም እስክሪብቶ መስመር አሰመረ። መቀስ በበሩ ስንጣቂ አይታ «እኔ በጠመኔ ነው የማሰምረው» ብላ ለጽዳት ሠራተኛዋ አስረዳች። ከዚያ በሩ ተዘጋ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ መንትዮቹ በጊዜው ወደ አክስታቸው ስለተላኩ ጫጫታ አልነበረም። ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ያሽከረክራል። መቀስ የወንበሩን ልብስ ስፌት ትመረምራለች፤ ጫፉ ላይ የተረፈ ክር አገኘችና አስተካከለችው። ጥበቃው ረዥም ነበር። ዶክተሩ ቆቡን አውልቆ ወጣና «መልካም ሆኗል» ሲል መቀስ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «እኔስ ምን አልኩ» አለች። ምንም አላለችም ነበር።

ልጅቷ ከማደንዘዣው ስትነቃ ፊቷ ነጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ወገቧ በሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ተጠቅልሎ ነበር። ከቀበቶው ሥር ከግራና ከቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ጫፍ በመዳፍ የምትጨበጥ የላስቲክ ኳስ ላይ ይገጥማል። ነርሷ ለመቀስ አሳየቻት። የውስጡ ቁስል የሚያመነጨው ፈሳሽ በቱቦው ወጥቶ ኳሷ ውስጥ ይጠራቀማል። ኳሷን ከፍቶ መድፋት፤ ከዚያ ጨምቆ አየሯን አስወጥቶ መዝጋት። የተጨመቀችው ኳስ ልትነፋ ስትል ፈሳሹን ትስባለች። ቀዩ እያደር ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ሮዙም ወደ ቢጫ፤ ሲቀንስ ቱቦው ይወጣል።

ዶክተሩ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ቱቦዎቹ ላይ ቀልድ የለም። ፈሳሹ ውስጥ ከቀረ ቆዳው ከሥሩ ካለው ጋር አይጣበቅም። እንደ ውሃ ከረጢት ይሆናል። ከቆየ ይመረቅዛል፤ ከመረቀዘ ስፌቱ ይከፈታል፤ ያኔ የሠራነው ሁሉ እንዳልነበር ይሆናል። ግራው ወይ ቀኙ ካበጠ በዚያው ሰዓት ይደወልልኝ። ማን ነው የሚያስታምማት?»

«አስታማሚ ቀጥሬያለሁ» አለች ልጅቷ በደከመ ድምፅ። «እዚሁ የምታውቋት ናት።»

ልጅቷ ወደ ቤቷ ተመልሳ አስታማሚዋ ስትመጣ መቀስ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ደልደል ያለች፣ ሰማያዊ ጋውን የለበሰች፣ እጇን ሳትታጠብ ዕቃ የማትነካ ሴት ነች። ጧት ገብታ ከሰዓት ሳይመሽ ተባረረች። ጥፋቷ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በግልጽ የሚናገር የለም። መቀስ እንደምትለው ትራሱን አላስተካከለችም፤ ሹፌሩ እንደሚለው ትራሱን ያስተካከለችው መቀስ ሳትነግራት ነው።

«እኔ ቁጭ ብዬ ልጄን ባዳ ያገላብጣታል?» አለች መቀስ። «ሰፍቼ ያሳደግኳትን ልጅ?»

«እማዬ፣ ሴትዮዋ ሥራዋ ነው። የተማረችው ይሄን ነው።»

«እኔስ ሥራዬ ምንድነው? ስፌት አይደለም? ሆድሽ ላይ ያለውስ ምንድነው? ስፌት አይደለም?»

ልጅቷ ለመከራከር መተንፈስ ያስፈልጋት ነበር፤ መተንፈስ ደግሞ ያማታል። ተወችው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ መቀስ ሥራዋን አሳምራ ያዘች። ልጅቷን ከወገቧ ቀና፣ ከጉልበቷ ሥር በትራስ ደገፍ አድርጋ አስተኛቻት፤ ሆዷ እንዳይሳብ እንዲያ ነው የሚተኛው። እግሯ ላይ ደም እንዳይረጋ ከአልጋ አስነስታ ኮሪደሩን ታመላልሳታለች። ልጅቷ ቀጥ ብላ መቆም አትችልም፤ ቆዳው ገና ስለተወጠረ ጎንበስ ብላ ነው የምትራመደው። እናትየውም ከዕድሜ ብዛት ጎንበስ ብላለች። ሹፌሩ ከሥራ ሲገባ ሁለቱን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወለል ወለሉን እያዩ ሲመጡ አገኛቸው።

«መርፌ ጠፍቷችሁ ነው?» አላቸው።

ልጅቷ ሳቅ ጀመራትና ሆዷን ይዛ «አታስቀኝ! አታስቀኝ! ይተረተራል!» እያለች ግድግዳ ተደገፈች። መቀስ አማቿን በጫማ ልትለው ነበር። በዚያ ቤት ከዚያ ወዲህ ማስነጠስ፣ ማሳልና መሳቅ ተከለከለ።

ነገሩ የመጣው አንድ ረፋድ ላይ ነው። ልጅቷ የሕመም ማስታገሻዋን ውጣ እንቅልፍ ይዟታል። መቀስ እጇን በሳሙና ታጥባ የቱቦዎቹን ፋሻ ልትቀይር ቀበቶውን ገለጥ አደረገች። ፋሻው ተነሣ። ግራው ቱቦ ከቆዳ ከሚወጣበት ላይ፣ ቆዳውን ያዝ አድርጎ ቱቦውን የዞረ ጥቁር ክር አለ። ክሩ ተቋጥሯል። ከቋጠሮው ደግሞ ሁለት ጫፍ፣ የጣት አንጓ የሚያህል፣ እንደ ድመት ጢም ቆሟል።

መቀስ መነጽሯን ገፋ አደረገች። ትልቁን ስፌት አይታዋለች፤ ከዳሌ እስከ ዳሌ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ ክር አይታይበትም። ይሄ ታዲያ ምንድነው? የደከመ ሰው የተወው ነው። ወይ ለረዳት የተሰጠ ነው። ሰው ላይ ተሰፍቶ እንዲህ ይተዋል?

አሰበች ማለት አይቻልም። እጇ አንገቷ ላይ ሄደ፣ መቀሷ ተከፈተች፣ ቀጭ አለች። ልብስ ላይ እንደምታደርገው ከቋጠሮው ሥር ሥር አስጠግታ ነው የቆረጠችው፤ ጫፍ የሚባል እንዳይታይ። ወደ ቀኙም ልትሻገር ስትል ልጅቷ ተንቀሳቀሰችና ፋሻውን ቶሎ መለሰችው። ጥቁሯን ብጣሽ በጣቷ አንከባልላ ወደ ቅርጫት ወረወረቻት። ደስ ብሏት ነው የዋለችው።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ለመራመድ ስትነሳ መቀስ ቀበቶው ሥር አንድ ነገር ሸርተት ሲል አየች። አስቀምጣት ገለጠች። ጥቁሩ ክር ከቋጠሮው ተፈቶ ተንጋሏል። ቱቦው ደግሞ ወጣ ብሏል፤ ጎን ጎኑ ላይ እንደ ዋሽንት የተደረደሩ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ውስጥ መሆን የነበረባቸው ናቸው። መቀስ ሞኝ አይደለችም። ክሩ ምን ይዞ እንደነበር በዚያች ቅጽበት ገባት።

«ምነው?» አለች ልጅቷ። ጎንበስ ብላ ሆዷን ማየት አትችልም።

«ምንም። ፕላስተሩ ለቅቋል።»

ፕላስተር ቆረጠች፣ ደራረበች፣ ቱቦውን ከቆዳው ጋር አጣብቃ ፋሻ ጫነችበት። ወደ ውስጥ ልትገፋው አማራት፤ ግን አልደፈረችም። ቀበቶውን ዘጋች። ከዚያ ሻይ ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ውሃው ፈልቶ ፈልቶ እስኪያልቅ ድረስ ምድጃው ፊት ቆመች።

በማግስቱ ግራዋ ኳስ ባዶ ሆነች። ሲጨምቋት ወዲያው አየር ትሞላለች፤ ጠብ የሚል ፈሳሽ ግን የለም። ልጅቷ ኳሷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየቻትና ፊቷ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ።

«እማዬ! ግራው ደረቀ! ቀኙ እንኳን ገና ነው፣ ግራው ደረቀ!»

«ደረቀ» አለች መቀስ።

«እጅሽ መድኃኒት ነው። አስታማሚ ምን ያደርጋል ስትዪኝ እውነትሽን ነበር።»

መቀስ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ አስተካከለች። በሌላ ጊዜ እንዲህ ቢያመሰግኗት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር።

ልጅቷ ክሊኒክ ደወለች። ነርሷም በስልክ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጠሮሽ ሲደርስ እናወጣዋለን አለቻት። ለባሏ ደወለች። ለትምህርት ቤቷ ደወለች። መቀስ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማች። የዶክተሩም ቃል አብሮ ይሰማታል፤ ያን ዕለት አጥርታ አዳምጣው ነበርና አንድ ቃል አልጠፋትም። የውሃ ከረጢት። ይመረቅዛል። ስፌቱ ይከፈታል። በዚያው ሰዓት ይደወልልኝ።

መናገር አፍ መክፈት ብቻ ነው። መቀስ ደግሞ አፏን ለመክፈት ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። ሆኖም ስትከፍተው ሌላ ነገር ይወጣል። ሾርባው ጨው አንሶታል። መጋረጃው ይታጠብ። የጎረቤት ውሻ በዛ። ለራሷም ነገር አበጀች፦ ምናልባት እውነት ደርቆ ይሆናል፤ ምናልባት ቀኙ ለሁለቱም ይስባል፤ ቀጠሮውም እንደው ቅርብ ነው። ከተናገረች አስታማሚዋ ትመለሳለች፤ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ስፌት መኪናዋ ትሄዳለች፤ ሹፌሩ «አደርስዎታለሁ» ይላል። ይህ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። የማይታያት ልጅቷን ቀና ብላ የምታይበት ዓይን ነው።

ቀጠሮው ሳይደርስ፣ አንድ ቀትር ላይ፣ ሁለቱ ኮሪደሩን እንደለመዱት ጎንበስ ብለው ሲመላለሱ ልጅቷ ድንገት ቆመች።

«እማዬ፣ ቆይ። የሆነ ነገር አለ።»

«ምን ነገር?»

«ግራዬ ከብዷል። ቆዳው ላይ አይታወቀኝም፣ ደንዝዟል፤ ግን ስራመድ ይናጣል። እስቲ እጅሽን ስጪኝ።»

የእናቷን እጅ ይዛ ቀበቶውን ከላይ ለቀቅ አድርጋ ከግራ ጎኗ ላይ አስቀመጠችው። መቀስ ሳትፈልግ ጫን አለች። ከመዳፏ ሥር አንድ ነገር ሸሽቶ ሄደና ተመለሰ። ልክ ውሃ የያዘ ላስቲክ።

ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አሁንስ እውነት ሕፃን አለ መሰለኝ። ተኝቷል?»

መቀስ እጇን አላነሳችም።

«ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች።

«የቱን ክር?»

«ቱቦውን የያዘውን። ተንጠልጥሎ አየሁትና ቆረጥኩት። ቱቦው ሾልኳል። በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ግራሽ አልደረቀም፤ አይወጣም እንጂ ውስጥ ነው ያለው።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። ትጮህ ይሆናል ብላ መቀስ ጠበቀች። ቢጮሁባት እሷም ትጮሃለች፤ መጮህ ትችላለች። ልጅቷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«መቼ ነው የቆረጥሽው?»

«ደረቀ ብለሽ ሳትደሰቺ በፊት።»

«እና እኔ ስደሰት ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

መቀስ ለዚህ መልስ ነበራት፤ ግን አጭር አልነበረም። «ባልሽን ጥሪው» አለች። «ወይም ስልኩን ስጪኝ፣ ቁጥሩን አታውቂም እንዳትዪኝ። የትኛው እንደሚጫን አሳዪኝና እኔው ለዶክተሩ እነግረዋለሁ። አንቺ ተቀመጪ።»

ሹፌሩ ከተሳፋሪ ጋር መሐል መንገድ ላይ ነበር፤ ተሳፋሪውን አውርዶ መጣ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ወደ ውጭ ታያለች። መቀስ ከፊት ተቀምጣ የመቀሷን ማሰሪያ በጣቷ ትጠመዝዛለች። አንዴ ብቻ ሹፌሩ «ቀስ ልበል ወይስ ልፍጠን?» አለ። «ፍጠን፣ ግን ጉብታ ላይ ቀስ በል» አለችው አማቱ።

ዶክተሩ ቀበቶውን ፈታ፣ ፕላስተሩን ንብርብር ላጠ፣ ቱቦውን አየ። ከንፈሩን ገጠመ። ከዚያ ግራ ጎኗን በጣቱ ነካ ነካ ሲያደርገው ቆዳው ሞገድ ሠራ።

«ይሄን ማን ነካው?»

ልጅቷ ጣሪያውን አየች።

«እኔ» አለች መቀስ። «ከቋጠሮው ሥር ቆረጥኩት። ጫፉን ትተኸው ነበር።»

«ጫፉን የተውኩት አውቄ ነው። ቱቦውን የማወጣ ቀን ያን ጫፍ ይዤ ነው ቋጠሮውን የምቆርጠው። ጫፍ ከሌለው ደግሞ ይህ ክር ያሙለጨልጫል፤ ይፈታል። የጨርቅ ክር አይደለም።»

«አሁን አወቅኩ።»

«እማማ፣ እኔ ለነካሁት ነገር ሁሉ ምክንያት አለኝ።»

«አሁን አወቅኩ አልኩህ እኮ። ልጄን ሥራና በኋላ እኔን ስደበኝ።»

ዶክተሩ ነርሷን ጠራ። የሾለከውን ቱቦ አወጡት። ከዚያ ረዘም ያለ መርፌ በትልቅ ሲሪንጅ ላይ ገጠመ። ቆዳው ደንዝዞ ስለነበር ልጅቷ ሲገባ አልተሰማትም፤ የተሰማት እናትየው ናት። ዶክተሩ ሲስብ ሲሪንጁ በቢጫማ ፈሳሽ ሞላ። ደፍቶ እንደገና ሳበ። እንደገና። ከረጢቱ እየሟሸሸ ቆዳው ወደ ቦታው ተመለሰ። ዶክተሩ ፈሳሹን ብርሃን ላይ አየው፤ አሸተተው።

«አልመረቀዘም» አለ። «እስከ ቀጠሮው ድረስ ቆይቶ ቢሆን እንዲህ ማለቴን እጠራጠራለሁ። ስፌቱ ደህና ነው። ግን አላለቀም፤ ይመለሳል። እስኪደርቅ እየተመላለስሽ በመርፌ እንስበዋለን። ቀበቶው ጠበቅ ይላል። እብጠቱም ከሚጠበቀው ይልቅ ይቆያል፤ ለወራት ጧት ጠፍጠፍ፣ ማታ ነፋ ትያለሽ፣ አትደንግጪ። ቀና ብለሽ መሄዱም ትንሽ ይዘገያል።»

«ይሁን» አለች ልጅቷ። ከዚያ ከተኛችበት ሳትነሳ እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች፤ መዳፏ ወደ ላይ ነው። መቀስ ልትይዘው እጇን ሰጠች።

«እጅሽን አይደለም» አለች ልጅቷ። «መቀሷን።»

ነርሷ ፋሻ የምትቆጥር መሰለች። መቀስ ማሰሪያውን በራሷ ላይ አወጣችው፤ የሻሿ ጫፍ ላይ ተይዞ አስቸገራትና ሹፌሩ አላቀቀላት። ልጅቷ መቀሷን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቀኙ ቱቦ እስኪወጣ እኔ ጋ ትቀመጣለች። አስታማሚዋም ነገ ትመጣለች። አንቺ መሄድ ከፈለግሽ ትሄጃለሽ፤ መቆየት ከፈለግሽ ትቆያለሽ። የምትቆዪ ከሆነ ግን ሾርባ ትሠሪያለሽ፣ ከእኔ ጋር ትራመጃለሽ። ከቀበቶው ሥር ያለው የአስታማሚዋ ሥራ ነው።»

መቀስ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ዶክተሩም፣ ነርሷም፣ ሹፌሩም ጠበቁ።

«ሾርባው ጨው ያንሰዋል» አለች። «እጨምራለሁ።»

በማግስቱ ጧት በሩ ሲንኳኳ የከፈተችው መቀስ ናት። አስታማሚዋ ያንን ሰማያዊ ጋውን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደገና ልትባረር የተዘጋጀች መስላ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ደህና አደሩ እማማ።»

«ደህና። ሰምተሻል?»

«ምኑን?»

«ልጄን ልገድላት እንደነበር። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። የቱቦውን ክር ቆረጥኩት።»

አስታማሚዋ ምን እንደምትል ግራ ገባት። «ሰው ይሳሳታል» አለች።

«ሰው ሌላ ነው፣ እኔ ሌላ። በይ ግቢ፣ እጅ መታጠቢያው በቀኝ ነው፤ አዲስ ሳሙና አስቀምጫለሁ።»

ሴትዮዋ በአጠገቧ ስታልፍ የጋውኗ እጅጌ ጫፍ ላይ አንድ ነጭ ክር፣ ረዥም፣ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። የመቀስ እጅ በራሱ ተነስቶ አንገቷ ላይ ሄደ። እዚያ ምንም አልነበረም። እጇ ለጥቂት እዚያው ቆየ፤ ከዚያ ወርዶ በሩን ዘጋ።